የአሥራ ሁለተኛው ወንበር ታሪክ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተጻፈ

ከወንዙ ወዲህ፣ ከተራራው ወዲያ አንዲት አገር አለች። ስሟን አልጠራም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ወደ ራሱ ደጅ ዞር ብሎ ይመልከት።

በዚያች አገር የአንድ ወገን ታሪክ ሲጻፍ ከመሬቱ ይጀመራል፤ ሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም እንደ ልማዱ ከመሬቱ እጀምራለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከራሴ ብጀምር ጆሮዬ ግሎ ብዕሩን እጥለው ነበር። ስሜ ትጓደድ ነው። አባቴ ምን አስቦ እንዳወጣልኝ አላውቅም፤ ስጓደድ ያየኝ ሰው ግን የለም። ሦስት ሰው በተቀመጠበት ቤት ውሃ መጠየቅ አፍሬ ጥማቴን ይዤ የምመለስ ሴት ነኝ። ፊደል በመቁጠሬ የወንበራችን ሽማግሌዎች ታሪኩን እንድጽፍ አዘዙኝ። አንድ ጊዜ ጻፍኩት፤ ውሸት ነበር። ይህ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ንጉሥ አገሩን ለአሥራ አንድ ወንበር ሊያካፍል ፈልጎ ሊቀ ገመድ የሚባል ሹም ሾመ። ሊቀ ገመድ ማለት የአገሩን ትልቁን ገመድ የያዘ፣ ገመዱ ያረፈበትን ሁሉ ወሰን የሚያደርግ ሰው ነው። ያም ሰው ለምለሙን ሜዳ ለአንደኛው ወንበር፣ ምንጩን ለሁለተኛው፣ ደኑን ለሦስተኛው እያለ አሥራ አንድ ጊዜ ገመዱን ጣለና ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ለምሳ ተቀመጠ። ሚስቱ የወሰኑን ብራና ዘርግታ ብታየው፣ ልብስ ሰፊ ቀዶ ሲጨርስ መሬት ላይ እንደሚቀረው ቁርጥራጭ፣ እዚህም እዚያም ትርፍራፊ መሬት ቀርቷል።

"ይኼስ?" አለችው።

"እሱን ጠራርገሽ አንድ ላይ አድርጊው" አላት እየበላ።

አሥራ ሁለተኛው ወንበር የተወለደው እንዲህ ነው።

ስለዚህ መልካችን መልክ አይደለም። ርዝመታችን በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰ ሰው ከሌላው ጫፍ "ይማርህ" እስኪደርሰው ሁለት ቀን ያስጠብቀዋል። ወርዳችን ደግሞ አንዳንድ ቦታ ላይ ከላም ያንሳል። የእማማ ዘርትሁን ቡሬ ላም ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትግጥ አፏ በእኛ፣ ጡቷ በአምስተኛው ወንበር ይውል ነበር። ሣራችንን እየበላች ወተቷን ለአምስተኛው ስትሰጥ ኖረች። ወደ ምዕራብ ዞራ መጋጥ እንድትለምድ ሦስት ዓመት ፈጀ። አሁን የአምስተኛውን ሣር እየበላች ለእኛ ትታለባለች፤ በታሪካችን የመጀመሪያው ድል ይህ ነው። ገበያችንም ሻጮቹ በአምስተኛው ወንበር፣ ገዢዎቹ በእኛ ወንበር የሚቆሙበት ነው። ሰው ሲጣላ ከሁለቱም ወገን ዳኛ ይጠራል፤ ዳኞቹ ሲጣሉ ግን የሚጠራ የለም።

ሰፊ ነው የምንለው ነገር አንድ ብቻ አለን፤ ረግረጉ። አልቅት፣ ትንኝ፣ እንቁራሪት፣ ከዚያም ሰው የሚያህል እንግጫ።

እንግጫውን ልብ በሉት፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ ወንበር አንድ እንደራሴ ወደ ከተማ ይልካል። የአገሩ ሕግ "እንደራሴ የሕዝቡ ፊት ነውና የራሱ ፊት አይታይ" ይላል። ስለዚህ እንደራሴው በወንበሩ ሣር የተጎነጎነ፣ ከአናቱ እስከ እግር ጥፍሩ የሚሸፍነው ገሳ ለብሶ ይገባል። ገበሬ ዝናብ ሲመጣበት የሚደርበውን ገሳ ታውቁታላችሁ፤ እሱው ነው፣ ይህኛው ግን ፊትንም ይሸፍናል። ከውስጥ ሆኖ በሣሩ መሃል ማጮለቅ ይቻላል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያይ ግን የለም። አሥራ ሁለት የሣር ክምር ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ አገር ሲመክር አስቡት። ገሳውን የወንበሩ ሴቶች በየዓመቱ አዲስ ይጎነጉናሉ፤ አሮጌውም ለልክ ወደ እነሱ ይመለሳል።

በሸንጎው እንደራሴ የተስማማ እንደሆነ ገሳውን ያንቀጠቅጣል። ያልተስማማ እንደሆነ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታ ግን ስለማይሰማ አይመዘገብም። የግድ መናገር ካለበት ረጅም ቀርከሃ ወደ ወንበሩ ነጋሪ ጆሮ ዘርግቶ ያንሾካሹካል፤ ነጋሪው ቆሞ ይጮኽለታል። ማሳል የሚፈቀደው የሳል አዛዡ ጭራውን ሲያነሣ ብቻ ነው። አዛዡ አስም ስለነበረበት አብዛኛውን ጊዜ ጭራውን የሚያነሣው ለራሱ ነበር።

ደግሞ በየአሥር ዓመቱ ገመዱ እንደገና ይዘረጋል። በዚያ ቀን ሦስተኛው ነጋሪት እስኪጎሰም ገሳው ያልገባ ወንበር ይታጠፋል፤ መሬቱም ለጎረቤቶቹ ይቆረሳል። የታጠፈ ወንበር ሕዝብ አቤት የሚልበት ቦታ የለውም። ላሙ እንኳ ወዴት ዞሮ እንደሚግጥ ሌላ ሰው ይወስንለታል።

የእኛ እንደራሴ ጋሽ እርገጤ ነበሩ፤ ረጅም፣ ራሰ በራ፣ ሰላም ወዳድ ሰው። በሸንጎ ሃያ ዓመት ተቀምጠው አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩም፤ ደግም አልተናገሩም። ማንበብ ስለማይችሉ የሕዝቡን አቤቱታ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ገመዱ በሚዘረጋበት ዓመት፣ አብረን ወደ ከተማ ወጣን። ከከተማው በፊት ባለው መሻገሪያ ወይዘሮ የውብዳር የምትባል ባሏ የሞተባት ማር ነጋዴ ቤት አደርን። ሲነጋ ጋሼን አዲስ ነጭ ኩታ ለብሰው የሴትየዋን ቀፎዎች ሲያገላብጡ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ነጋሪት ሊመታ ነው እኮ። እንሂድ እንጂ።"

"ትጓደድ ልጄ፣ ሃያ ዓመት ሣር ለበስኩ። ከእንግዲህ ጥጥ ልልበስ።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"የውብዳር እሺ ብላኛለች።"

"ምኑን?"

የውብዳር ከጓዳ "ይቺ ልጅ ተምራለች አላልከኝም?" ስትል ሰማኋት። ጆሮዬ ጋለ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ገሳው ካልገባ ወንበራችን ይታጠፋል!"

"አዎ፣ ገሳው ይግባ። እርገጤ ይግባ የሚል ግን ሕጉ ላይ አለ? እስቲ አንብቢልኝ።"

ሕጉን አውጥቼ አነበብኩላቸው። የሚለው "ገሳው ይግባ" ብቻ ነው። በመማሬ የተጸጸትኩት በሕይወቴ ያን ጠዋት ብቻ ነው። ጋሼ ገሳውን አንሥተው አናቴ ላይ ደፉልኝ፤ "አንቺስ ያምርብሻል" አሉና ወደ ንቦቻቸው ሄዱ።

ገሳው የተሠራው ለእሳቸው ቁመት ስለሆነ አንድ ክንድ ያህል ከኋላዬ ይጎተት ነበር። ሦስት ፍየሎች ጫፉን እየበሉ ተከትለውኝ ከተማ ገባሁ። በሩ ላይ አንዱ ዘበኛ "የአሥራ ሁለተኛው እንደራሴ ዘንድሮ አጥረዋል" ሲል ጓደኛው "መሬታቸውም በየጊዜው ያጥራል" አለው። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም አለፍኩ። ወንበራችን ላይ ስቀመጥ ሦስተኛው ነጋሪት ተጎሰመ።

ከዚያ የሆነብኝን እንዴት ብዬ ልናገረው። ማንም አያየኝም ነበር! ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመለከታል፣ እኔ ግን የለሁም። ቀይ ልሁን፣ ጥቁር ልሁን፣ ጆሮዬ ይጋል፣ ማን ሊያውቅ! እንግጫው ረግረግ ረግረግ ይሸታል፤ አገሬን ለብሼ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ዓይን አፋር ሰው ገነት ምን እንደምትመስል ቢጠይቀኝ፣ የሣር ናት እለዋለሁ።

ሊቀ ገመዱ ተነሣ። የመጀመሪያው ሊቀ ገመድ የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ ሹመቱ ከገመዱ ጋር ይወረሳል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ የአምስተኛው ወንበር እንደራሴ ነበር።

"አሥራ ሁለተኛው ወንበር በምሳ ሰዓት በስህተት የተወለደ ነው" አለ። "ስህተት ይታረማል። ገበያው ለአምስተኛው ይሁን፤ የቀረው ለደረሰው ይድረስ። ይታጠፍ!"

የአምስተኛው ገሳ በደስታ ተንቀጠቀጠ። ሌሎቹም ጀመሩ። እኔ ገሳው እንዳይንቀጠቀጥ እየተጠነቀቅኩ፣ ቀርከሃውን ወደ ነጋሪያችን ወደ አያ ሽመክት ጆሮ ዘረጋሁ።

"አያ ሽመክት" አልኩት።

ዘሎ ሊነሣ ነበር። አፉን ወደ ቀርከሃው አዙሮ "ጌታዬ፣ ድምፅዎ ምነው ቀጠነ?" አለኝ።

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"ጉንፋን ያጎረንናል እንጂ ያቀጥናል እንዴ? ... አንቺ! ትጓደድ አይደለሽም? እርገጤስ?"

"አግብተዋል።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

ከቀርከሃው ማዶ አያ ሽመክት ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ሰማሁት። "እንግዲያው ስሚኝ" አለኝ በመጨረሻ። "የእኔ ሥራ በዚያ ጫፍ የገባውን በዚህ ጫፍ ማውጣት ነው። በዚያ ጫፍ ማን አለ ብሎ የሚጠይቅ ሕግ የለም። በይ ተናገሪ።"

ነገርኩት። ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና አዳራሹን በድምፁ ሞላው።

"አሥራ ሁለተኛው ወንበር እንዲህ ይላል! እጠፉኝ፤ አልከለክልም! ግን ረግረጌን ማን ይወስዳል?"

መንቀጥቀጡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ።

አምስተኛው "እኔ ገበያውን ብቻ ነው ያልኩት" አለ። ስድስተኛው እንቁራሪት ከበቂ በላይ እንዳለው አስነገረ። ሦስተኛው ሕዝቡ አልቅት እንደሚፈራ፣ ሁለተኛው ትንኝ ከማን እንደሚበዛ በመሐላ እንዲጣራ ጠየቀ። ቀርከሃ በቀርከሃ ላይ ተነባበረ፤ የስድስተኛው ቀርከሃ የሳል አዛዡን ግንባሩን ቢመታው ጭራውን ሳያነሣ ሳለና ራሱን ቀጣ። እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይ ጠለቀች። ሕጉ ደግሞ "በፀሐይ ያላለቀ ነገር ለአሥር ዓመት ይተኛ" ይላል። ሊቀ ገመዱ የገመዱን ጫፍ እየነከሰ ወጣ።

ቆንጆ ወንበር ቢሆን ኖሮ ተቆርሶ አልቆ ነበር። እኛ በአልቅታችን ተረፍን።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ኃጢአት አለብኝ። የሳል አዛዡ ራሱን ሲቀጣ ሳቄ መጣ፤ ብይዘው ብይዘው አልያዝ አለኝ፤ ገሳዬ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ጫጫታ መሃል ለሸንጎው ተነብቦ የነበረው ደግሞ፣ አውራ ዶሮ ከአፈ ሸንጎው ቀድሞ እንዳይጮኽ የሚከለክል ሕግ ነበር። "አሥራ ሁለተኛው ተስማማ!" ተብሎ ተጻፈ፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። የአገሬን አውራ ዶሮዎች በሙሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ ቤት ስመለስ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ነበር። ነገር ግን ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ሕዝቡ መንገድ ላይ በእልልታ ተቀበለኝ። "እርገጤ! የረግረጉ አንበሳ!" ይላሉ። ሁለት መቶ ሰው ዓይን እያየኝ ምን ልበል?

"ጋሼስ?" አሉኝ።

"ከተማ ቀሩ። ሥራ በዛባቸው" አልኩ።

ያቺ አንዲት ቃል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በላችኝ።

በዓመቱ የጎንጓኞቹ አለቃ እማማ ዘርትሁን አዲሱን ገሳ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ለእርገጤ አድርሺለት" አሉ። "ዘንድሮ ዝናቡ ስላነሰ እንግጫው አጭር ሆኗል። ቅር እንዳይለው።"

"ኧረ ምንም አይሉም፣ እማማ።"

ከወንዙ ማዶ ስለብሰው ጫፉ ልክ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቆመ። ለዝናቡ ማነስ ፈጣሪን አመሰገንኩ። በሚቀጥለው ዓመት ጎርፍ የሚያክል ዝናብ ዘነበ፤ እንግጫው ከሰው በላይ አደገ፤ ገሳው ግን አሁንም በልኬ መጣ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። የተማረ ሰው የማያነበው ነገር ብዙ ነው።

እንዲህ እያልኩ በየዓመቱ እየሄድኩ ተቀመጥኩ። ለገበያው ሦስተኛ ዳኛ አስሾምኩ። በጠባቡ መሬታችን ላይ የሰው እግር የአምስተኛውን ወሰን ሳይረግጥ የሚያልፍበት ድልድይ አስሠራሁ። ሕዝቡ ለእንደራሴው የሚልከውን ቅቤና ሙክት ለጋሼ አደርስላቸው ነበር፤ እሳቸውም እየወፈሩ "በዚህ ዓመት ምን አደረግሁ?" ብለው ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። "ጎበዝ ነኝ" ይላሉ።

አሥረኛው ዓመት ደረሰ፤ ገመዱ ሊዘረጋ ሆነ። ሊቀ ገመዱ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛው ገሳ ሰው ሲወድቅ፣ ሹም ሲደናቀፍ ይንቀጠቀጣል፤ ጋሼ ግን በሃያ ዓመት አንዴም ስቀው አያውቁም ነበር። ከገሳው ሥር ያለው እርገጤ አለመሆኑን ጠርጥሮ አዲስ ሕግ አቀረበ።

"ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት ገሳ ይገለጥ። በገሳው ውስጥ የራሱ እንደራሴ ያልተገኘበት ወንበር ይታጠፍ!"

ሸንጎው ጭጭ አለ። አሥራ ሁለታችንም፣ አምስተኛው ሳይቀር፣ አንዲት የሣር ቅጠል አላነቃነቅንም። ነገር ግን ጸጥታ አይመዘገብም። ሕጉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ጸደቀ።

"አያ ሽመክት፣ አለቀልን" አልኩ በቀርከሃው። በእኔ ማፈር ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የምናጣው ግን ድልድዩን፣ ዳኛውን፣ የእማማ ዘርትሁንን ላም ነበር።

"ካንቺ በፊት አሥራ አንድ አለ" አለኝ። "በዚያ መሃል ሰማይ ቢወድቅ ማን ያውቃል።"

ሊቀ ገመዱ አንደኛውን ገሳ ገለጠ። የእንደራሴው አማት ናቸው፤ ሹራብ እየሠሩ።

"እንደራሴው የት አለ?" አለ አፈ ሸንጎው።

"ትንሽ አሞት ነው እኔን የላከኝ።"

"መቼ ነው ያመመው?"

"የዛሬ ስድስት ዓመት።"

በሁለተኛው ውስጥ ማንም የለም፤ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ ገለባ ነው። ከኋላው ባለው መስኮት ነፋስ በገባ ቁጥር ሲንቀጠቀጥ ኖሯል፤ በሸንጎው እጅግ ተስማሚ እንደራሴ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሸልሟል። በሦስተኛው ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ሁለት ወንድማማቾች ተገኙ፤ በምርጫው እኩል ለእኩል ስለወጡ ነው አሉ። አራተኛው ፍየል ነበር። እንደራሴው ለጉዳይ ብቅ ሲል ገብቶ ገሳውን ከውስጥ እየበላ፣ ሲበላም እያንቀጠቀጠ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሕግ አጽድቋል። አምስተኛው ሲገለጥ ባዶ ሆነ፤ የሊቀ ገመዱ ፊት አመድ መሰለ። ስድስተኛው ሲገለጥ የአምስተኛው እንደራሴ እዚያ ውስጥ ኩርምት ብሎ ተገኘ። ለካ የስድስተኛው ሰው ከሄደ ቆይቷል፤ ወንበሮቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ በአንድ እጁ ይህን፣ በሌላው ያንን ሲያንቀጠቅጥ ነው የኖረው።

"ምነው?" አለ ለእህቱ ባል። "አንተው አይደለህ እንዴ ድምፅ አብዛልኝ ያልከኝ?"

ከሰባተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያሉት የባሱ እንጂ የተሻሉ አልነበሩም። ዘመድ ስላላቸው አልዘረዝርም።

አፈ ሸንጎው መጀመሪያ አፉን ሸፈነ፤ ከዚያ ሆዱን ያዘ። ነጋሪዎቹ በየቀርከሃቸው ላይ ተደፉ። አማትየዋ ሹራባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ። ሊቀ ገመዱ ግን ጥርሱን ነክሶ እኔ ዘንድ ደረሰና እጁን ወደ አናቴ ዘረጋ። ጣቶቹ እንግጫውን ሲይዙ አየሁ።

"ኧረ ተው!" አለ አፈ ሸንጎው እንባውን እየጠረገ። "ልትገድለኝ ነው! ማየቱ ይብቃ የምትሉ!"

አዳራሹ ሁሉ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የተለበሰውም፣ በእጅ የተያዘውም፣ ፍየሉ የተጋደመበትም ገሳ።

"በሙሉ ድምፅ ጸደቀ!" አለ አፈ ሸንጎው። የሊቀ ገመዱ እጅ ከአናቴ ላይ ወረደ። "ከአሥራ ሁለቱ ሳይታፈርበት የቀረው የእርገጤ ወንበር ብቻ ነው። ስለ እርገጤ ታማኝነት፣ አሥራ ሁለተኛውን ወንበር ገመድ አይንካው የምትሉስ!"

ሳቁ አላባራም ነበር። ይህም ጸደቀ። የአሥራ አንዱ መታጠፍ ግን በፀሐይ ስላላለቀ ለአሥር ዓመት ተኛ።

በጋሽ እርገጤ ስም የተቀረጸ የታማኝነት ማኅተም ይዤ ተመለስኩ። በእልልታ ተቀበሉኝ። ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ እየተቀባበሉ ማኅተሙን ሲያዞሩት፣ እኔ ከኋላ በእግሬ እሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ጋሽ እርገጤ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ እጃቸው ማር እንደያዘ ዐረፉ። የውብዳር "እንደራሴያችሁ ዐርፏል" ብላ ላከች። ሽማግሌዎቹም ታሪካቸው በረግረጉ ዳር ድንጋይ ላይ እንዲቀረጽ ወስነው ጽሑፉን ለእኔ ሰጡኝ። "ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በሸንጎ የታገለው" ብዬ ጻፍኩና ከዚያ ብዕሬ አልሄድ አለ። እውነቱን ካወጣሁ በስማቸው የተሰጠው ማኅተም ሊሰበር ይችላል፤ ገመዱም በሚመጣው ዓመት ይዘረጋል። ዝም ካልኩ ደግሞ የሞተ ሰው ገሳ አይለብስም፤ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ያንን ወረቀት ቀድጄ ይህን ጻፍኩ። እፍረቱም ሞቱም ይምጣ ብዬ፣ ሕዝቡ ረግረጉ ዳር በተሰበሰበበት ጠዋት፣ ያለ ገሳ፣ ፊቴን ይዤ ቆሜ አነበብኩት።

ያነበብኩት እስከዚህ ድረስ ነበር። የሚቀጥለውን ማታውኑ ጨመርኩበት።

ስጨርስ የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ልንገረው በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ።

"አንቺ?" አሉኝ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት? አንቺ?"

"አዎ፣ አባ።"

"ከገሳው ሥር?"

"አዎ፣ አባ።"

ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ይህን ጉድ የሚያውቅ ሰው ነበር?"

ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አያ ሽመክት ሰማይ ሰማይ ያያል። ከሴቶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ እማማ ዘርትሁን ናቸው።

"ልንገረው" አሉ፣ "ገሳውን የሚጎነጉነው ማነው?"

"እናንተ ናችኋ።"

"የእርገጤ ቁመት ስንት ነበር?"

"አራት ክንድ ከስንዝር።"

"እና ይኼን ሁሉ ዓመት ሦስት ክንድ ከስንዝር የጎነጎንነው ለማን መሰለህ? ለፍየሉ?"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ።

"ዝናቡ አንሶ ነው ብለውኝ ነበር እኮ" አልኩ።

"ልጄ፣ የመጀመሪያውን ገሳ ስትመልሺልን ጫፉ ተበልቷል፤ አናቱ ደግሞ በቅቤ ርሷል። እርገጤ ራሰ በራ ነው። መላጣውን ቅቤ የሚቀባ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ታፍሪያለሽ ብለን ነዋ" አሉ። "ብንነግርሽ በዚያው ዕለት እንግጫ ውስጥ ገብተሽ ትቀሪ ነበር። ማን ይሄድልናል?"

አባ ልንገረው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ያ ድንጋይ የጋሽ እርገጤ ታሪክ ሊቀረጽበት የመጣው ነበር። "እኛ ወንዶቹስ በዚህ አገር የምናውቀው ነገር አለ?" አሉ።

"አለ እንጂ" አሉ እማማ ዘርትሁን። "ላሚቱን ወደ ምዕራብ ማዞር ታውቃላችሁ።"

ከዚያ ከኋላቸው ጥቅሉን አውጥተው የዘንድሮውን ገሳ ዘረጉልኝ። አረንጓዴ ነው፤ ገና አልደረቀም። ልኩ የእኔ ነው። ሳየው ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ከግንባር እስከ አገጭ ሰፊ ክፍት ቦታ አለው።

"እማማ፣ ፊቱ ተረስቷል።"

"አልተረሳም።"

"ሕጉ ፊት አይታይ ይላል እኮ! ማኅተሙስ? ገመዱስ? ሊቀ ገመዱስ?"

"እሱን ሄደሽ አንቺ ተናገሪያቸው" አሉኝ። "ለዚህ አይደል የምንልክሽ?"

ለበስኩት። ከረግረጉ የመጣው ነፋስ ፊቴን ነካኝ፤ ሕዝቡ ሁሉ እኔን ያያል፤ ጆሮዬ እንደ ልማዱ ጋለ። ፍየሎቹ ከወዲያ ማዶ አዲሱን ሣር አይተው መምጣት ጀምረዋል። ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተቻለኝ ነገር ያን ዕለት ከየት ይቻለኛል። ገሳው ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ።

አያ ሽመክት ዘሎ ተነሣና፣ ቀርከሃ ሳይጠብቅ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦

"አሥራ ሁለተኛው ወንበር ተስማማ!"